ከፏፏቴው በላይ ያለው ምድጃ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ቋጥኝ ታሪክ ላውጋችሁ። ዘመኑን በፈረንጆቹ እቆጥርላችኋለሁ።

አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ፔንሲልቬንያ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ቤር ረን የሚሉት ጅረት አለ። ጅረቱ በድንጋይ መሀል ተንደርድሮ ይመጣና ቁልቁል ይወረወራል። ኤድጋር ካውፍማን የፒትስበርግ ነጋዴ፣ የትልቅ መደብር ጌታ ነበር። እሱና ሚስቱ ሊሊያን፣ ስሙን የወረሰው ልጃቸውም ጭምር ከከተማው ጭስ ሲሸሹ ወደዚያው ነበር የሚሮጡት። ይዋኛሉ፤ ሲበርዳቸው ከፏፏቴው አናት ባለችው ቋጥኝ ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቋጥኟን ልብ በሉልኝ።

በ1934 ልጅየው ከአርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ዘንድ ሊማር ገባ። አባትየውም በዚያው ተዋወቀውና እዚህ ጫካ ቤት ሥራልኝ አለው። ራይት በታኅሣሥ መጥቶ ቦታውን አየ፤ ውኃውን አዳመጠ። ከዚያ የጠየቀው አንድ ካርታ ብቻ ነው፤ ትልልቁ ድንጋይና ወፈር ያለው ዛፍ ሁሉ በየቦታው የተመለከተበት ካርታ። ካርታው ደረሰለት። ከዚያ በኋላ ግን ወራት አለፉ፤ አንዲት መስመር እንኳ አልተሰመረችም።

ታዲያላችሁ በመስከረም 1935 ካውፍማን ደውሎ እየመጣሁ ነው አለ። ራይትም ና አለው። ያን ጊዜ ዕድሜው 68 ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያውን የቆሙት ተማሪዎቹ ኋላ እንደተረኩት እንግዳው መንገድ ላይ ሳለ በሁለት ሰዓት ያህል ቤቱን ሥሎ ጨረሰ። ሰው ሁሉ በዚያች ሁለት ሰዓት ይደነቃል። እኔን የሚደንቁኝ ግን ያለ መስመር ያለፉት ወራት ናቸው፤ ሰውየው ቤተሰቡንና ጅረቱን በሆዱ ይዞ የከረመባቸው።

ካውፍማን ቤቱ ከፏፏቴው ትይዩ ቆሞ ውኃው በመስኮት የሚታይ መስሎት ነበር። ራይት ግን ቤቱን ከፏፏቴው በላይ አስቀመጠው። ዕለት ዕለት የሚያዩት ነገር ዓይን ይለምደዋል፤ ሰዎቹ ከውኃው ጋር አብረው እንዲኖሩ ነበር የፈለገው። ቤት ውስጥ ሆነው ፏፏቴውን አያዩትም፤ ድምፁ ግን ከጆሮ አይጠፋም። ለዋናተኞቹም ከሳሎኑ ወለል የሚከፈት ደረጃ አበጀላቸው፤ ቀጥታ ጅረቱ ላይ ያወርዳል።

የግንቡ ድንጋይ የተፈለጠው ከዚያው አካባቢ ነው። ዛፍ የቆመበት ቦታ ላይ የአርማታው ወጋግራ ራሱ ጎበጥ ብሎ ግንዱን ያሳልፋል። የአባወራው የጽሕፈት ጠረጴዛ ጥግ በክብ ተቆርጧል፤ መስኮቱ ወደ ውስጥ ሲከፈት እንዳይገታው። ይህቺ ቁራጭ ለእኔ ከቤቱ ሰገነቶች ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ቤቱ ግን ያለ ሥቃይ አልቆመም። ሰገነቶቹ ያለ ምሰሶ ከውኃው በላይ የተዘረጉ ናቸውና አሠሪው ያማከራቸው መሐንዲሶች ሥጋት ገባቸው፤ ራይት ተቆጣ። ፌሮው ተጨመረ፤ ሆኖም የደገፈው እንጨት ሲነሳ ሰገነቱ ወዲያው ዘቀጥ አለ፤ ከዓመት ዓመትም እየወረደ ሄደ። በ2002 ነው በብረት ገመድ ተወጥሮ የተረጋጋው። ጣሪያውም ያፈስስ ነበር። ቤተሰቡ ግን አልተወውም። ልጅየው በ1963 ለሕዝብ እስኪሰጠው ድረስ የእነሱ ሆኖ ኖረ፤ በ2019 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ቋጥኟስ? ራይት የሳሎኑን ምድጃ በእሷው ላይ ነበር ያኖረው፤ አናቷ ተጠርቦ ከወለሉ ጋር እንዲስተካከል አስቦ። ካውፍማን ግን እንዳለች ትቅር አለ፤ ፀሐይ የሞቁባት ቋጥኝ ናታ! ራይትም ተስማማ። የወለሉ ንጣፍ በሰም ተወልውሎ እንደ ወራጅ ውኃ ያብለጨልጫል። እሷን ግን ማንም አልወለወላትም። እሳቱ ፊት፣ ከዚያ ውኃ መሀል፣ ደረቅ ጀርባዋን አውጥታ ተቀምጣለች።