ከራዴጋስት እስከ ያፋ

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ብሂል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለጠባይ ነው። ዘር ግን ሰውን ረግጦት ወደማያውቀው አገርም ይስበዋል። እንግሊዛዊው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ፒተር ኡስቲኖቭ (1921–2004 እ.ኤ.አ.፤ ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ምስክር ነው። «ኮ ቫዲስ» በተሰኘው ፊልም ንጉሥ ኔሮንን ሆኖ የተጫወተው፣ ኦስካርን ሁለት ጊዜ የተሸለመው ይህ ሰው በ1977 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ እንዳለው አውስቷል። አንባቢ ነገሩን ከተዋናይ ጨዋታ ሊቈጥረው ይችል ይሆናል። ሐረጉ ወደ ኋላ ሲመዘዝ ግን መነሻው አንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ሆኖ ይገኛል።

ስሙ ኤድዋርድ ዛንደር ነው። በ1813 በአንሃልት ምድር፣ ራዴጋስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሙያው ሥዕል ነበር። በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያን ጊዜ የስዊዝ ቦይ ገና አልተከፈተም፤ ከአውሮጳ የሚነሣ መንገደኛ ሜዲትራንያንን በመርከብ ተሻግሮ፣ ግብፅን በየብስ አቋርጦ፣ በቀይ ባሕር ላይ ዳግመኛ መርከብ ይሳፈር ነበር። ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚያወጣው አቀበት ደግሞ የሚታለፈው በበቅሎና በእግር ነው። ዛንደር ያንን ሁሉ አልፎ የሰሜንና የትግራይ ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ ዘንድ ደረሰ። ከእርሱ አሥር ዓመት ቀድሞ የመጣው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐርም በዚያው አገር ኑሮውን መሥርቶ ነበር።

እንግዳ የሚያድረው በጌታው ጥላ ሥር ነው፤ ጌታው ሲወድቅ ጥላውም አብሮ ይነሣል። በየካቲት 1855 ውቤ በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑ። ድል አድራጊው ካሳም፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነጿት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ዛንደር ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ለአዲሱ ንጉሥ አደረ። ቀድሞውንም የሚያስቀረው ነገር ነበረው፤ እሴተ ወርቅ ከተባለች የጎንደር ወይዘሮ ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቱ ለእናቷ ወገን ወለተ ኢየሱስ፣ ለአባቷ ወገን ካታሪና ነበረች።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት፣ አውሮጳውያን ባለ እጆች ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ከክራኮው የመጣው፣ ከአይሁድ እምነት ወደ ፕሮቴስታንትነት የተሻገረው ሞሪትዝ ሃል ነው። እርሱም ወለተ ኢየሱስን አገባ። በጋፋት እንዲህ ያለው ጋብቻ ብርቅ አልነበረም። ታሪካችን እነዚያን ሰዎች የሚያስባቸው «የቴዎድሮስ ፈረንጆች» እያለ፣ አንድም በሴባስቶፖል መድፍ፣ አንድም በእስራቱ ነው። የባልነታቸውንና የአባትነታቸውን ወሬ እምብዛም አናነሣም።

ከዚያ መቅደላ መጣ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ሲያሳልፉ፣ በአምባው የነበሩት አውሮጳውያን ከነቤተሰባቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። ዛንደር በዚያው ዓመት አረፈ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖረበትን አገር በለቀቀ ማግስት መሆኑ ነው። በዚሁ በ1868 ለወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟም የአምባውን ስም የሚያስታውስ ነው፦ ማግዳሌና።

የሃል ቤተሰብ በቱርኮች ግዛት ሥር በነበረችው በያፋ፣ ከጀርመናውያን ሰፋሪዎች ጋር ኑሮውን ቀጠለ። ማግዳሌና በዚያ አድጋ፣ ሩሲያ ተወልዶ የቩርተምበርግ ዜጋ የሆነውን ባሮን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። ባሮኑ በያፋ ሆቴል ነበረው፤ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በ1898 አርፈውበታል። ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ፤ የዮና ልጅ ደግሞ ፒተር ነው። ማግዳሌና አያቱ፣ ወለተ ኢየሱስ ቅድመ አያቱ፣ ሠዓሊው ዛንደር የቅድመ አያቱ አባት መሆናቸው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጀርመናዊውን ስደተኛ ዱካ ተከትሎ የሄደ ሰው መንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሌላ ስደተኛ ያገኛል። ዛንደር ወዶ የመጣውን ያህል ጎዳና፣ ልጁ በጦርነት ማግስት ተገፍታ በተቃራኒው ተጓዘችው። እርሱ ከራዴጋስት ሲነሣ ልቡ የመራው ሠዓሊ ነበር፤ እርሷ ከመቅደላ ስትወርድ የተሸነፈ አገር ልጅ ነበረች። በደረሰችበት አገር የባሏን ስም ይዛ ኖረች፤ የልጅ ልጆቿም ጀርመናዊ፣ ሩሲያዊ፣ እንግሊዛዊ ተባሉ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ መንገደኛ ወጥቶ ይዳስሰዋል። መድፍ አቅላጮቹም በመጻሕፍት ተመዝግበዋል። የጎንደሯ እሴተ ወርቅና የልጇ የወለተ ኢየሱስ ስም ግን እስከ እኛ የደረሰው፣ የዘራቸው ፍሬ የሆነ አንድ ተዋናይ «እኔ ከየት መጣሁ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ዝነኛ የልጅ ልጅ ያላገኙት የጋፋት እመቤቶች ስንት ይሆኑ?