መስከረም 17፦ በዓል፣ የታሪክ ክስተት እና የጥላሁን ገሠሠ ልደት

መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል የሚከበርበት ዕለት ሲሆን፣ አከባበሩ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩ ይታወሳል።

ዕውቁ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ በዚሁ ዕለት በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲወለድ ከተማዋ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር ነበረች። ዕለቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1940 ነው። በዚያው ቀን ጀርመን፣ ኢጣሊያ እና ጃፓን በበርሊን የሦስትዮሹን የጦር ቃል ኪዳን ተፈራርመዋል። ጃፓን በሰነዱ ላይ የጀርመንን እና የኢጣሊያን የአውሮፓ መሪነት ዕውቅና ሰጥታለች። ይሁን እንጂ ሰባት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ነፃይቱ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። በወሊሶ ያደገው ሕፃን በበኩሉ በአገር ፍቅር ቴአትር እና በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አልፎ የዘመኑ ተወዳጅ ድምፅ ለመሆን በቅቷል። በመስቀል የተወለደው ጥላሁን ያረፈው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው።

መስከረም 17 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 27 ላይ እንደማይውል ግን ልብ ሊባል ይገባል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ሴፕቴምበር 28 ላይ ይውላል፤ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል። ስለሆነም ተገልጋዮች የልደት ቀናቸውን ለሰነድ ሲያስለውጡ መነሻ ማድረግ ያለባቸው የዘንድሮውን የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የተወለዱበትን ዓመት ነው።