በእንግሊዝ አገር በእንደራሴው ዘመን ስለ ነበረው የመተጫጨት ሥርዓት

ጋብቻ በሁለት አጥር የሚጠበቅ አትክልት ነው፤ አንደኛው የሕግ አጥር፥ ሁለተኛው የልማድ አጥር ነው። የሕጉን አጥር ንጉሥና ቤተ ክርስቲያን ያጥሩታል፤ የልማዱን ግን አባቶችና እናቶች በየቤታቸው ይሠሩታል። አጥር ሲላላ ሌባ እንደሚገባበት፥ ሲጠብቅም አትክልቱን ራሱን እንደሚያንቀው ለመረዳት የሚሻ ሰው፥ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የነበረውን የመተጫጨት ሥርዓት ቢመረምር ብዙ ትምህርት ያገኛል። ከዚህ በታች የሚነገረው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የእንግሊዝ ንጉሥ ሣልሳዊ ጊዮርጊስ አእምሮው ታውኮ መንግሥቱን መምራት ስለ ተሳነው፥ የበኵር ልጁ አልጋ ወራሹ ጊዮርጊስ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1811 እንደራሴ ሆነ። አባቱ በጃንዋሪ 29 ቀን 1820 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ማዕርግ ስላስተዳደረ፥ እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የእንደራሴው ዘመን ተብለው ይጠራሉ። ከናፖሌዎን ጋራ የተደረገው ታላቅ ጦርነት የተፈጸመውም በዚሁ ዘመን፥ በ1815 ነው።

በዚያን ጊዜ በመኳንንትና በባለርስቶች ዘንድ ርስት የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ለበኵር ወንድ ልጅ ነበረ። ታናናሾቹ ወንዶች ወደ ጦር ሠራዊት፥ ወደ መርከብ፥ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ክህነት ይሄዱ ነበር። ሴት ልጅ ግን ከአባቷ ከምትቀበለው የገንዘብ ድርሻ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ማግኘት እጅግ ይቸግራት ነበር። ደግሞ ባገባች ጊዜ፥ አስቀድሞ በጽሑፍ ውል ካልተጠበቀላት በቀር፥ በእጅዋ ያለው ገንዘብ ለባልዋ ይሆናል። ያገባች ሴት የገዛ ሀብቷን በስሟ ለመያዝ በሙሉ የተፈቀደላት ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ በ1882 በወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ ባልን መምረጥ ማለት ልብን ብቻ መስጠት አልነበረም፤ መኖሪያን፥ ገንዘብን፥ የሽምግልናንም እንጀራ ጭምር መምረጥ ነበረ። የሥርዓቱ ጥብቅነት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከልማዱ የመጀመሪያው መተዋወቅ ነበረ። አንድ ጎልማሳ ያላስተዋወቁትን ወጣት ወይዘሮ ቀርቦ ሊያነጋግራት አይገባውም፤ ሁለቱን የሚያውቅ የተከበረ ሰው ስሙን ሊነግርላት ያስፈልጋል። ከተዋወቁም በኋላ በመንገድ ሲገናኙ ቀድማ እጅ መንሳት የሚገባት እርስዋ ናት፤ እርስዋ ካላወቀችው እርሱ አላወቃትም። ያላገባች ልጅ ያለ እናቷ ወይም ያለ አንዲት ባለትዳር ጠባቂ ወደ ግብዣ አትሄድም። ያልተጫጩ ወንድና ሴት ደብዳቤ አይጻጻፉም፤ ቢጻጻፉ ሰው ሁሉ ተጫጭተዋል ብሎ ያስባል።

ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚገናኙበት ስፍራ የዳንስ ግብዣ ነበረ። በሎንዶን ከተማ በ1765 የተከፈተው አልማክ የሚባለው አዳራሽ በዚህ እጅግ የታወቀ ሆነ፤ ጥቂት ታላላቅ ወይዛዝርት ተሰብስበው የሚገባውንና የማይገባውን ሰው ይመርጡ ስለ ነበር፥ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገባበት አይችልም ነበር። የሚቀርበው መብል ቀጭን ዳቦ በቅቤ፥ የሚጠጣውም ሻይና የሎሚ ውሃ ነበረ፤ ዳሩ ግን ወደዚያ የሚጓጓ ሰው የሚጓጓው ለማዕዱ አልነበረም። አንድ ጎልማሳ በአንድ ሌሊት ከአንዲት ልጅ ጋራ ከሁለት ዙር በላይ ቢጨፍር ሐሜት ይነሣበታል። ወንድና ሴት ተቃቅፈው የሚዞሩበት ዋልዝ የሚባለው ዳንስ ከጀርመን አገር በመጣ ጊዜም ብዙ ነቀፋ ተነሣበት፤ እንደራሴው ራሱ ባደረገው ግብዣ ስለ ታየ፥ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በጁላይ 1816 አጥብቆ ገሠጸ።

ጎልማሳው ልጂቱን ጠይቆ እሺ ካለችው በኋላ ወደ አባቷ ይቀርባል። ከዚያም የሁለቱ ወገን ነገረ ፈጆች ተቀምጠው ውል ይጽፋሉ፤ ይኸውም ለሚስቲቱ በየዓመቱ ለእጅዋ የሚሰጣት ገንዘብ፥ ባልዋ ቢሞት የምትተዳደርበት፥ ለሚወለዱትም ልጆች የሚሆነው ድርሻ ነው። ቃል ከተሰጠ በኋላ ወንድ ወደ ኋላ ቢል በፍርድ ቤት ተከሶ ካሣ ይከፍላል፤ ይህ ክስ በእንግሊዝ አገር የተሻረው በ1970 በወጣው ሕግ ነው።

የቤተ ክርስቲያንም ድርሻ ታላቅ ነበረ። ከ1754 አስቀድሞ፥ በተለይም በሎንዶን በፍሊት እስር ቤት አካባቢ፥ ገንዘብ እየተቀበሉ ማንንም ሳይጠይቁ በስውር የሚያጋቡ ቄሶች ስለ በዙ፥ ሎርድ ሃርድዊክ በ1753 አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የሚጋቡት ሰዎች ስም በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን በሦስት እሑድ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ አለዚያም ከጳጳስ ፈቃድ ይወጣል። ዕድሜያቸው 21 ዓመት ያልሞላቸው በፈቃድ ሲጋቡ የወላጅ ስምምነት ያሻቸዋል፤ ጋብቻውም በመዝገብ ይጻፋል። ከሕጉ ውጭ የተደረገ ጋብቻ ፈራሽ ሆነ፤ ያጋባው ቄስም ለ14 ዓመት ከአገር ወጥቶ እንዲጋዝ ተፈረደ።

ነገር ግን ሕጉ ስኮትላንድን አይነካም ነበር። በዚያ አገር በምስክር ፊት ተጋብተናል ማለት ብቻ ስለሚበቃ፥ ወላጆቻቸው የከለከሏቸው ወጣቶች በሠረገላ እየጋለቡ በወሰኑ ላይ ወዳለችው ወደ ግሬትና ግሪን መንደር ይሸሹ ነበር። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሎርድ ኤልደን ታሪክ ነው። እርሱ በወጣትነቱ፥ ጆን ስኮት ሲባል፥ በኖቬምበር 1772 ቤሲ ሰርቲስ የተባለችውን የባንክ ባለቤት ልጅ በኒውካስል ከተማ በመስኮት በመሰላል አውርዶ ወደ ስኮትላንድ ወስዶ አገባት። ይኸው ሰው ከጊዜ በኋላ የአገሩ የበላይ ዳኛ ሆኖ፥ አባት የሞተባቸውን የባለጸጋ ልጆች ጋብቻ የሚጠብቅ ፍርድ ቤት ሹም ሆነ። በ1817 ግን የገዛ ልጁ ኤልሳቤጥ ያለ ፈቃዱ ከቤቱ ወጥታ ጆርጅ ሬፕቶን የተባለውን የሕንፃ ሊቅ አገባች። ሽማግሌው ዳኛ ተቈጣ፤ ይሁን እንጂ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቅር አላት።

የእንደራሴው የራሱ ቤትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1785 የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ የነበረችውን ማሪያ ፊትዝኸርበርትን በስውር አገባ፤ የንጉሡ ፈቃድ ስላልነበረበት ግን በ1772 በወጣው ሕግ ጋብቻው እንዳልተደረገ ተቈጠረ። በ1795 የብራውንሽቫይግን ልዕልት ካሮሊናን ለመንግሥት ጥቅምና ለዕዳው መክፈያ ሲል አገባ፤ ሁለቱም በጠብ ኖሩ። አባት ይህን ቀምሶ ሳለ፥ አንዲቱን ልጁን ሻርሎትን ለሆላንዱ ልዑል ለዊልያም ሊድራት ወደደ። እርስዋ ግን በ1814 እምቢ ብላ እጮኝነቱን አፈረሰች። በሜይ 2 ቀን 1816 የወደደችውን ልዑል ሌዎፖልድን አገባች፤ ዳሩ ግን በኖቬምበር 1817 በወሊድ ምክንያት በ21 ዓመቷ ዐረፈች፥ አገሩም ሁሉ አለቀሰላት።

እምቢ ማለት ለልዕልት ብቻ የተሰጠ አልነበረም። የቄስ ልጅ የነበረችው ደራሲዋ ጄን ኦስተን በዲሴምበር 1802 ሃሪስ ቢግ ዊዘር የተባለው የታላቅ ርስት ወራሽ ሲጠይቃት እሺ አለች፤ ሌሊቱን አስባ ሲነጋ ቃሏን መለሰች። እሺታዋ ለእርስዋም ለእናቷም ለእኅቷም መጠጊያ በሆነ ነበር፤ አባቷ በ1805 በሞተ ጊዜ ግን ሦስቱም በወንድሞቿ ርዳታ ለመኖር ተገደዱ። እርስዋም ሳታገባ በ1817 በ41 ዓመቷ ዐረፈች። በ1813 የታተመው ኩራትና ጭፍን ጥላቻ የተባለው መጽሐፏ፥ ልብ ያልፈቀደውን ባለጸጋ እምቢ ስለምትል ልጅ የሚናገር ነው፤ የጻፈችውም የእምቢታን ዋጋ ከምታውቅ ሰው እጅ ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ይመዝን። አዋጁ በሦስት እሑድ መነበቡ፥ ጋብቻውም በመዝገብ መጻፉ ብዙዎችን ከአታላይ አድኗል፤ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ውሉም ለመበለትና ለወላጅ አልባ እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ሥርዓቱ ሁሉ ቢፈጸም፥ ማኅተሙም ቢታተም፥ የካሮሊናን ቤት ከጠብ አላዳነውም። የርብቃ ወገኖች የአብርሃምን ሎሌ ወርቅና ልብስ ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ልጂቱን ጠርተው ፈቃዷን ጠየቁ፤ እርስዋም በገዛ አፏ መለሰች። አጥሩን የሚያጥሩ አባቶች የበሩን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጡ ከዚህ ይማራሉ።