«ንፋስ መታኝ»፦ የፊት ነርቭ ሽባነት መንስኤና ምልክቶች

 በጅቡቲ ከተማ ኸምሲን የተባለው ደረቅ ንፋስ በሚነሳበትና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጋ ሌሊቱ የሚገፋው በማቀዝቀዣ ሥር ነው። እንዲህ አድሮ ፊቱ በአንድ ጎን ጠምሞ የነቃ ኢትዮጵያዊ «ንፋስ መታኝ» ቢል አያስገርምም፤ ሕመሙ በእርግጥም ድንገተኛ ነው።

ጉዳቱ ያለው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ላይ ነው። ነርቩ ከጆሮ አጠገብ በሚያልፍበት የአጥንት ቦይ ውስጥ፣ እጅግ ጠባቡ ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲያብጥ መላወሻ ያጣና ይታነቃል። በዚያ ጎን ግንባር አይሸበሸብም፣ ዓይን አይከደንም፣ ምራቅ በከንፈር ጥግ ይወርዳል። አንዳንዱ ከጆሮው ጀርባ ያመዋል፤ የምግብ ጣዕም ይጠፋበታል፣ ተራ ድምፅም ይጮህበታል።

ለምን ያብጣል? በ1996 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ድንገተኛ የፊት ነርቭ ሽባነት በሆነው የቤል ሽባነት ከታመሙ 14 ሰዎች በ11ዱ የነርቭ ፈሳሽ ውስጥ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ዘረመል አገኙ። ይኸው ቫይረስ በአገራችን «ምች» ብለን ዳማከሴ የምንቀባለትን የከንፈር ቁስል የሚያወጣ ነው። ንፋስና ምች ብለን ለየብቻ የሰየምናቸው ሕመሞች ምንጫቸው አንድ ሊሆን መቻሉ፣ በእኔ እምነት፣ ለጤና አስተማሪዎቻችን ትልቅ መነሻ ነው። ጆሮ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከታየ ግን ተጠርጣሪው የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ነው። የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን፣ የራስ ቅል ስብራት፣ ኤችአይቪና ዕጢም ነርቩን ይጎዳሉ፤ ስኳር ሕመምና እርግዝና ተጋላጭነትን ይጨምራሉ።

ከሁሉ በፊት ግንባር ይታይ። አንጎል የላይኛውን ፊት ከሁለቱም ንፍቆቹ ስለሚያዝ፣ አፉ ጠምሞ ግንባሩ የሚሸበሸብ ሰው ስትሮክ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ለሰዓታት እንኳ አይጠበቅም። ግንባሩ አለመሸበሸቡም ብቻውን ስትሮክን አያስቀርም፤ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ሩጫው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

በስኮትላንድ ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን ከጀመሩት 94 በመቶ ያህሉ በዘጠኝ ወር ሙሉ በሙሉ ሲያገግሙ፣ ካልወሰዱት ያገገሙት 82 በመቶ ገደማ ነበሩ። ንፋሱን ለማስወጣት በማሸትና በመታጠን የሚያልፉት ሦስት ቀናት እነዚህ ናቸው።

ንፋሱ በትክክል የሚያሰጋው ከዚህ በኋላ ነው። የማይከደን ዓይን በአቧራና በድርቀት ብሌኑ ይቆስላል፤ ስለዚህ ቀን መነጽርና ሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት የዓይን ቅባትና ሽፋኑን በጥንቃቄ የሚከድን ፕላስተር ያስፈልገዋል።