ፍቅርና መፈናቀል በሀጫሉ ሁንዴሳ ዘፈኖች

ስለ አምቦው ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሲወሳ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2008ቱ የኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ በተፈጸመበት ግድያ ያበቃል። ታጋዩ ገንኖ የፍቅር ዘፋኙ ደብዝዟል። ሁለቱን መነጠል ግን ዘፈኖቹን ማጉደል ነው።

ሀጫሉ በልጅነቱ አምቦ ዙሪያ ከብት ጠብቋል። ገና በ17 ዓመቱ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ 5 ዓመት በአምቦ ወህኒ ቤት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን፣ ‹ሰኚ ሞቲ›ን፣ በአብዛኛው የደረሰው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ‹ዋኤ ኬኛ› ተከተለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 አጋማሽ የወጣው ‹ማላን ጅራ› የተሰኘ ዘፈን ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከፍቅረኛው የተለየ ሰው ያንጎራጉራል፤ በዚያው ዜማ የጉለሌ፣ የገላን፣ የአቢቹ ስሞች ይጠራሉ፤ ፊንፊኔን (አዲስ አበባን) ከብበው ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ናቸው። ጥቂት ወራት እንደተቆጠሩ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008፣ አምቦ ባለችበት ምዕራብ ሸዋ፣ ጊንጪ ላይ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል የተባለውን ማስተር ፕላን የሚቃወም ሰልፍ ተነሣ፤ ዘፈኑም የተቃውሞው ድምፅ ሆነ።

በሰምና ወርቅ የሠለጠነ አንባቢ ፍቅሩ ሰም፣ መሬቱ ወርቅ ነው ብሎ ሰሙን ያቀልጠዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገበሬ ከቀዬው ሲነሣ የሚያጣው ማሳውን ብቻ አይደለም፤ ዕቁብተኛውን፣ የአባቱን መቃብር፣ የሚያፈቅራትን ልጅ ደጅ ጭምር ነው። መለየቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ በዘፈኑ ውስጥ የሚቀልጥ ነገር የለም።

ፍቅርን ከፖለቲካ ሳይነጥሉ የመዝፈን መንገድ ቀድሞም የተረገጠ ነበር። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ የተመሠረተውና ድምፃዊ አሊ ቢራን ያፈራው የሙዚቃ ቡድን አፍረን ቀሎ፣ በአፋን ኦሮሞ ስለ ፍቅር በአደባባይ መዝፈን ባለሥልጣናትን በሚያሳስብበት ዘመን ዘፍኗል።

በታኅሣሥ 2010 ሀጫሉ ለተፈናቃዮች መርጃ በተዘጋጀው የሚሊኒየም አዳራሽ ኮንሰርት ላይ ‹ጅራ›ን አቀረበ። ድፍረቱ ዛሬም ያስደንቃል። በጥበብ ግን ‹ማላን ጅራ› ይበልጥብኛል፤ በአዳራሹ በቀጥታ ለሕዝብ ይናገራል፣ በዚያኛው ለአንዲት ሴት እያንጎራጎረ ሕዝቡን ያስከትላል። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ‹ማል መሊሳ› አልበም የሚያጠኑ ሰዎችም በውስጡ ካሉት የፍቅር ዘፈኖች ቢጀምሩ እመርጣለሁ።