ስኳርዎ ተስተካክሏል፣ ኮሌስትሮልዎስ?

«ስኳሬ ወርዷል፣ ምንም አያመኝም። ታዲያ ዶክተሩ ለምን የኮሌስትሮል ኪኒን ጨመረብኝ?»

ብዙ የስኳር ህመምተኞች የሚያነሱት ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ የስኳር ህመም ያለበትን ሰው በብዛት ለሞት የሚዳርገው የልብና የደም ስር በሽታ ነው። ለዚህ ደግሞ የደም ቅባት ትልቅ ድርሻ አለው። ቅባቱ ሲጨምር ምንም ምልክት ስለሌለው የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ስኳርና ቅባት ምን አገናኛቸው?

ኢንሱሊን ስኳርን ብቻ አይደለም የሚቆጣጠረው፤ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ ወደ ደም እንዳይለቀቅም ይይዛል። በአይነት 2 የስኳር ህመም ኢንሱሊን በደንብ መስራት ሲያቅተው ስቡ ይለቀቃል፤ ጉበት ይቀበልና ትራይግሊሰራይድ አድርጎ መልሶ ወደ ደም ይልከዋል። ትራይግሊሰራይድ ሲጨምር ጥሩ የሚባለው ኤችዲኤል ይቀንሳል። መጥፎው ኤልዲኤል ደግሞ ቁጥሩ ብዙም ባይጨምር እንኳ ቅንጣቶቹ ትንንሽ ስለሚሆኑ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ በቀላሉ ይገባሉ።

ውጤትዎን እንዴት ያንብቡ?

ምርመራው «ሊፒድ ፕሮፋይል» ይባላል። ስኳር እንዳለብዎ ሲታወቅ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ ቢሰራ ጥሩ ነው። ቁጥሮቹ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፦

👉 ኤልዲኤል፦ በጥቅሉ ከ100 በታች። ደም ግፊት፣ የኩላሊት ችግር ወይም ሲጋራ ከተጨመረበት ከ70 በታች። ከዚህ በፊት የልብ ህመም ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ከ55 በታች።

👉 ትራይግሊሰራይድ፦ ከ150 በታች። ከ500 ካለፈ ቆሽትን ሊያስቆጣ ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ያማክሩ።

👉 ኤችዲኤል፦ ለወንድ ከ40 በላይ፣ ለሴት ከ50 በላይ።

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ውጤታችሁ በሚሊሞል ከሆነ፣ ኤልዲኤል 2.6 ማለት 100፣ 1.8 ማለት ደግሞ 70 አካባቢ ነው።

«የጾም ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም»

ግማሹ እውነት ነው። ከእጽዋት የተሰራ ምግብ ኮሌስትሮል የለውም። ነገር ግን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፤ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እንዳያጸዳ ያደርጋል። ስለዚህ በጾሙ ወር ቅቤና ክትፎ ቀርቶም በሚረጋ ዘይት የተጥለቀለቀ ወጥ ኤልዲኤልን ሊጨምር ይችላል። አቅም ከፈቀደ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይሻላል፤ ካልሆነም መጠኑን መቀነስ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ይጠቅማሉ። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ካለ ግን ዋናዎቹ ጠላቶች ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና አልኮል ናቸው።

ስለ ኪኒኑ

አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲንና ሲምቫስታቲን «ስታቲን» ከሚባሉት ናቸው። ዕድሜው ከ40 እስከ 75 ለሆነ የስኳር ህመምተኛ ኮሌስትሮሉ ከፍ ባይል እንኳ ይመከራሉ። ዓላማው ቁጥር ማውረድ ብቻ አይደለም፤ ልብንና አንጎልን ማዳን ነው።

ትልቁ ስህተት «ወርዶልኛል» ብሎ ማቆም ነው። የወረደው በመድሃኒቱ ነው፤ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም አይተኩትም። ስታቲን ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። ጡንቻዎን ካመመዎት ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ በራስዎ ከመወሰን ለሐኪም ይንገሩ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም አስቀድማ ታማክር።

ይህን አይርሱ

ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ የልብ ህመም ያለ ደረት ውጋት ሊመጣ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠዎት ወይም ያለ ምክንያት አቅም ካጡ «ስኳሬ ነው» ብለው አይተኙ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «የቅባት ምርመራ የተሰራልኝ መቼ ነው?» ቤትዎ ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሉ ደግሞ እርስዎ ይጠይቁላቸው። ለሌሎችም ያጋሩ።