«ኦርጅናሉን ነው ታይዋኑን?»፦ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ሆሳዕና ከሚገኝ የመለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ የፍሬን ሸራ ብትጠይቁ፣ ሻጩ «ኦርጅናሉን ነው ታይዋኑን?» ይላችኋል። የዋጋ ጥያቄ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ረጅም ታሪክ አለ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቆየው ወረራ ጣሊያኖች የጭነት መኪኖቻቸውን በብዛት አስገቡ። ተሸንፈው ሲወጡ መኪናውም ጋራዡም፣ የጋራዡ ቋንቋም ቀረ። ዛሬም መካኒኮቻችን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ የሚሉት በጣሊያንኛ ነው። በኋላ ቶዮታ አገሩን ሲሞላው «የጃፓን» የሚለው ቃል የጥራት ስም ሆነ። ርካሹ ምትክ «ታይዋን» ተባለ፤ ቃሉም ከመኪና አልፎ ለማንኛውም አስመሳይ ዕቃ መጠሪያ ሆነ።

እንግዲህ ዕቃን በአገር ስም መመዘን የለመድነው እንዲህ ነው። ስህተታችንም እዚሁ ላይ ነው።

መኪና አምራቾች ሁሉንም ዕቃ ራሳቸው አይሠሩም። ዴንሶ በ1942 ዓ.ም ከቶዮታ ተነጥሎ የወጣ ፋብሪካ ነው። የሚሠራው ካንዴላ በቶዮታ ካርቶንም በራሱ ካርቶንም ይሸጣል። በሌላ በኩል በራሳቸው ስም ምትክ ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ጥሩም ደካማም አለባቸው። ታይዋን ራሷ ዛሬ እጅግ የረቀቁ የኮምፒውተር ቺፖች የሚመረቱባት ደሴት ናት። አሜሪካ ውስጥ ለተጋጩ መኪኖች የሚገጠም ምትክ ኮፈንና መከላከያም በብዛት የሚሄደው ከእሷ ነው።

አደገኛው የሰው ስም ሰርቆ የሚለጥፈው ነው። እሱ ደግሞ ካርቶኑ ላይ «ታይዋን» ብሎ አይጽፍም፤ «ጃፓን» ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ «ኦርጅናሉን ስጠኝ» ማለት ብቻውን ከእሱ አያድንም። አስመሳይ የፍሬን ሸራ ሜዳ ላይ ይይዛል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን ይከዳል። ያን ጊዜ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ስለ ዋጋው ያልተማከሩ ሰዎች ናቸው።

ጉዳዩ ለሐድያና ለከምባታ ይከብዳል። እዚህ ስንቱ ሚኒባስና ባጃጅ የተገዛው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ነፍሱን አስይዞ በሚሠራ ልጅ ገንዘብ ነው! በ2016 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አሮጌው መኪና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት፤ መለዋወጫው ግን ተወዷል። ለአስመሳይ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ዘመን የለም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንለውጥ። «የየት አገር ነው?» ሳይሆን «ማን ሠራው? ደረሰኙ ላይ ስሙን ትጽፍልኛለህ?» እንበል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ስሙን ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። በርካሽ መግዛት ነውር አይደለም፤ የገዙትን አለማወቅ ግን ቁልቁለት ላይ ያስከፍላል።